ፈረስን ማሸት፦ ከማከም በፊት መጠየቅ



ፈረስን ማሸት ሲባል ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። ለአንዳንዱ ከባለጸጋ አገር የመጣ ቅንጦት ነው፤ ውድ ፈረስ፣ ውድ ጋጣ፣ በሰዓት የሚከፈለው ባለሙያ። ሌላው ወጌሻን ያስታውሳል፤ ወለምታ የሚመልስ፣ የተሳሰረ ጡንቻ የሚፈታ እጅ። ሁለቱም ማሸትን ሰው ለፈረሱ የሚያደርግለት ነገር አድርገው ነው የሚያዩት። እኔ ዛሬ የምከራከረው ማሸት ከሁሉ በፊት ፈረስን መጠየቂያ መንገድ ነው ብዬ ነው። እጅ አረፍ ሲል ይጠይቃል፤ ፈረሱ በጡንቻው፣ በጆሮው፣ በዓይኑና በከንፈሩ ይመልሳል። ማሸት በሽታ ይፈውሳል የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ከማስረጃው ቀድሞ ጋልቧል። ፈረስን ለማወቅና ከእርሱ ጋር ለመግባባት ይረዳል የሚለው ግን ከምንገምተው በላይ የቆመበት መሬት አለው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ይፈልጋል፤ ፈረሱ «በቃኝ» ሲል የሚሰማው ሰው መኖር አለበት።

ይህን በኢትዮጵያ ታዳሚ ፊት መናገር ድፍረት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። መሪዎቹን በፈረሳቸው ስም የሚጠራ ሕዝብ ስለ ፈረስ ምን ይነገረዋል? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ናቸው፤ አሉላን አባ ነጋ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ ብሎ የማያውቅ የለም። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቶ ቆሟል፤ ጥር 23 በእንጅባራ የሚወጣውን የፈረሰኛ ብዛት ያየ ሰው ፈረስ በዚህች አገር የታሪክ መዝገብ ውስጥ ብቻ አለመቅረቱን አይጠራጠርም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ክብር በአብዛኛው የሚያየው ከኮርቻው በላይ ያለውን ነው። ፈረሰኛውን እናያለን፣ ግላሱንና ልጓሙን እናደንቃለን፣ የሽምጥ ግልቢያውን ፍጥነት እናወራለን። ከኮርቻው ሥር ያለው ጀርባ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው ሰው፣ ካለ፣ ጠባቂው ነው፤ እርሱን ደግሞ መድረክ ላይ አውጥቶ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ክርክሬ የፈረስ ፍቅር የለንም የሚል አይደለም። ፍቅራችን ብዙ ጊዜ ከእጅ ይልቅ በዓይን የሚኖር መሆኑ ነው የሚያሳስበኝ።

ከራሳቸው ከፈረሶቹ እንጀምር። ሰው እጁን ከማንሳቱ በፊት ፈረሶች እርስ በርስ ይተካከካሉ። ሁለት ወዳጅ ፈረሶች ጎን ለጎን፣ አንዱ ፊቱን ወደ ሌላው ጭራ አድርጎ ይቆሙና እያንዳንዱ በከንፈሩና በጥርሱ የጓደኛውን ጫንቃ ይፍቃል። ጫንቃ ስል ጋማው አልቆ ጀርባው የሚጀምርበትን ጉብታና ከእርሱ ፊት ያለውን የአንገት ሥር ማለቴ ነው፤ ፈረስ በራሱ ጥርስ ሊደርስበት የማይችል ቦታ ነው። ይህንም ከአገኘው ሁሉ ጋር አያደርግም፤ የሚመርጠው ጓደኛ አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 ክላውዲያ ፌህ እና ዣን ደ ማዚዬር በደቡብ ፈረንሳይ በካማርግ ፈረሶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ሰው በእጁ ይህን መተካከክ ቢኮርጅ የፈረሱ ልብ ምን ያደርጋል? ፈረሶቹ በሚወዱት በአንገት ሥር ሲታከኩ የልብ ምታቸው ከ10 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ በአዋቂዎቹም በውርንጭሎቹም ታይቷል። ያንኑ ማከክ እምብዛም በማይመርጡት ቦታ ሲሞክሩት ግን ይህ ለውጥ አልመጣም። ተመራማሪዎቹ ልብን ከሚያዝዘው የነርቭ ሥርዓት አንድ ትልቅ ቋጠሮ ከዚያ ቦታ አጠገብ እንደሚገኝም ጠቁመዋል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የመቶኛው መጠን አይደለም። ፈረስ መነካትን በደፈናው አይወድም፣ በደፈናውም አይጠላም፤ የቦታ ምርጫ አለው፣ ምርጫውም እስከ ልቡ ይደርሳል። ከ2,300 ዓመት በፊት ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ ፈረሱ መነካት የሚወድባቸውን፣ ጸጉር የበዛባቸውንና የሚያስቸግረውን ነገር ራሱ ሊያስወግድባቸው የማይችላቸውን ቦታዎች ንኩለት ብሎ መክሮ ነበር። ዜኖፎን የጦር ሰው ነው፤ በልስላሴ የሚጠረጠር አይመስለኝም።

ከማከክ ወደ ማሸት ስንሸጋገር ማስረጃው ጠበብ ይላል፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ማክብራይድና ባልደረቦቹ በብሪታንያ 10 ፈረሶችን ወስደው በ6 የሰውነት ክፍሎች ላይ ማሸትን ሞከሩ። ከፊት እግር የላይኛው ክንድ በቀር በሁሉም ቦታ የልብ ምት ቀነሰ፤ ከሁሉ በላይ የቀነሰው ደግሞ ፈረሶች እርስ በርስ በሚተካከኩባቸው በጫንቃ፣ በአንገት መሐልና በታፋ አናት ላይ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ጸሐፊዎቹም የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ብለው ነው ያቀረቡት። የፈረስን አካል አሠራር ለሚያውቅ ሰው ግን ውጤቱ እንግዳ አይሆንበትም። ሰው ትከሻውን ከደረቱ ጋር የሚያያይዝ አጥንት አለው፤ ፈረስ የለውም። የፈረስ ደረት በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል በጡንቻና በጅማት ብቻ የተንጠለጠለ ነው፤ ከክብደቱም 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው በእነዚሁ የፊት እግሮች ላይ ነው። ከጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ ደግሞ ከዳሌ ተነስቶ እስከ አንገት ሥር የሚሄድ ረጅም ጡንቻ አለ፤ ኮርቻ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው። ፈረሰኛ የሚጭነው ሸክም፣ የሚስበው ልጓም፣ የሚያጠብቀው ጠፍር ሁሉ የሚመዘገበው በእነዚህ ጡንቻዎች ነው። በአንጻሩ ከፊት ጉልበት በታች የሚታሽ ጡንቻ የለም፤ ያለው ጅማት ነው። እግርን ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይነት ጉልበት የሚያሽ ሰው ከአካሉ አሠራር ጋር አልተዋወቀም ማለት ነው።

«የፈረስ ቆዳ ወፍራም ነው፣ ቀስ ያለ እጅ አይሰማውም» የሚል አለ። ዝንብ ሲያርፍበት የጎኑን ቆዳ ብቻ ለይቶ የሚያንቀጠቅጥ እንስሳ ቀስ ያለ እጅ አይሰማውም ማለት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ የሰውንና የፈረስን የታፋ ቆዳ በማይክሮስኮፕ ያነጻጸረ ጥናት በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውፍረትም ሆነ በዚያ ባሉት የነርቭ ጫፎች ብዛት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ወፍራሙ ከሥር ያለው ሽፋን ነው፤ የሕመም ነርቮቹ ግን ከላይ ናቸው። ጥናቱ የተደረገው ስለ አለንጋ በሚካሄደው ክርክር ምክንያት ነበር፤ ለእሽትም እኩል ይሠራል።

አሁን ወደ ክርክሬ ማዕከል ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሌያ ላንሳድና ባልደረቦቿ ፈረንሳይ ውስጥ ፈረሶችን በሁለት ቡድን ከፈሉ። አንደኛው ቡድን በየጋጣው እንደተለመደው ተቦረሸ፤ ቦራሹ ሥራውን ይጨርሳል፣ የፈረሱን ምላሽ አይከታተልም። ሁለተኛውን የሚቦርሸው ሰው ግን ፈረሱን እያየ ነበር፤ የወደደው ቦታ ላይ ይቆያል፣ ያልወደደውን ይተዋል። ብሩሽ ያው ብሩሽ ነው። የፈረሶቹ ፊት ግን ተለያየ። የተደመጡት ዓይናቸውን በከፊል ጨፍነው፣ አንገታቸውን በመጠኑ ብቻ አንስተው፣ የላይኛውን ከንፈራቸውን ወደፊት ዘርግተው ይቆማሉ፤ ያልተደመጡት አንገታቸውን ከፍ አድርገው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ መልሰው ይታገሳሉ። ለእኔ በዚህ መስክ ከታተመው ሁሉ ብዙ የሚያስተምረው ይህ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የእጁ ጥበብ ወይም የመሣሪያው ዓይነት ሳይሆን መልሱ መሰማቱ ነው። ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ደስ ያለው ፈረስ ብዙ ጊዜ አንገቱን ወደ ሰውየው አዙሮ በከንፈሩ ትከሻውን ወይም ልብሱን ሊያክ ይሞክራል፤ መተካከክ የሁለት ወገን ሥራ ስለሆነ የራሱን ድርሻ መመለሱ ነው። በየጋጣው ይህ «ሊነክስ ነው» ተብሎ አፍንጫው ላይ በጥፊ ይመለሳል። ጥርስ ሊጎዳ ስለሚችል ሰው መጠንቀቁ ተገቢ ነው፤ ጭንቅላቱን በሌላኛው እጅ ቀስ አድርጎ ወደ ፊት መመለስ ይበቃል። መምታቱ ግን ወዳጅነት ላቀረበ ፈረስ ቅጣት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከንፈሩን ባይዘረጋ ሊያስገርመን አይገባም።

መልሱን ለመስማት መልሱ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ዛሬ በግምት ብቻ የሚሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፈረስን የፊት እንቅስቃሴ በጡንቻ በጡንቻው መዝግበው 17 የፊት እንቅስቃሴዎችን ለይተዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጣሊያናዊቷ ዳላ ኮስታ የተመራ ቡድን ሕመም በፈረስ ፊት ላይ እንዴት እንደሚነበብ 6 ምልክቶችን አስቀምጧል፦ ወደ ኋላ የደረቀ ጆሮ፣ የጠበበ ዓይን፣ ከዓይን በላይ የተወጠረ ቆዳ፣ ጎልቶ የወጣ የመንጋጋ ጡንቻ፣ የተጨበጠ አፍና አገጭ፣ የተወጠረ አፍንጫ። እነዚህን የሚያውቅ ሰው እጁን ሲያሳርፍ የፈረሱን ፊት ያያል። አጀማመሩም ቀላል ነው። ከፊት ለፊት ወይም ከኋላ ሳይሆን በትከሻው በኩል ይቀርባል፤ ፈረሱ እጁን በአፍንጫው እንዲያሸት ይተዋል፤ ከጫንቃው ይጀምራል፤ በመዳፉ ሙሉ፣ ጫናውን ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ አንገቱን ከዚያም ጀርባውን ይዞ ወደ ታፋው ይሄዳል። በግራ ያገኘውን ከቀኙ ጋር ያነጻጽራል፤ ሙቀት፣ እብጠት፣ ግትርነት፣ ድንገተኛ መሸማቀቅ። አንድ ጊዜ ቆዳው ቢንቀጠቀጥ ዝንብ ወይም መኮርኮር ሊሆን ይችላል፤ እጁ በተመለሰ ቁጥር በዚያው ቦታ ላይ ጡንቻው ከደነደነ፣ አንገቱ ከተነሳ፣ ጭራው ከተወራጨ ግን ፈረሱ አንድ ነገር እየተናገረ ነው። አሜሪካዊው ጂም ማስተርሰን ያስተዋወቀው ዘዴ ይህን እስከ ጫፍ የሚወስድ ነው። እጁ ክብደት የሌለው እስኪመስል ድረስ ቀልሎ ይሄዳል፤ የፈረሱ ዓይን የተርገበገበበት ቦታ ላይ ይቆማል፤ ፈረሱ እስኪያዛጋ ወይም እስኪተነፍስ ድረስ ይጠብቃል። በማብራሪያው ሁሉ ባልስማማም፣ መሪው ፈረሱ መሆኑ ትክክል ይመስለኛል።

እስከዚህ የተከተለኝ ጠርጣራ አድማጭ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «የሚያሳክከው ቦታ ታከከለት፣ ደስ አለው፣ ልቡ ረጋ። ይህ የቆዳ ጉዳይ ነው፤ መግባባት የምትለው ከየት መጣ?» ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ከእኔም ወገን ያሉ ሰዎች መልሱን አበላሽተውታል። የፍቅር ሆርሞን እያሉ ኦክሲቶሲንን ያነሳሉ። ነገር ግን ከላይ በጠቀስኩት የላንሳድ ጥናት ውስጥ ኦክሲቶሲን ተለክቶ ነበር፤ ደስ እያላቸው ከተቦረሹ በኋላ እንደተጠበቀው አልጨመረም። ስለዚህ በሆርሞን አልከራከርም። የምከራከረው በሁለት ወገን በሚሆነው ነገር ነው። ሰውየው እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር የፈረሱ ሁኔታ ይለወጣል፤ በፈረሱ ለውጥ ደግሞ የሰውየው እጅ ይለወጣል። ይህ ምልልስ በተደጋገመ ቁጥር ሰውየው የዚህን ፈረስ ሰውነት ይማራል፤ የቱ ጎኑ እንደሚደርቅ፣ ከየትኛው ሥራ በኋላ ወገቡ እንደሚያዝ፣ ማንን ሲያይ አንገቱ እንደሚወጠር። ፈረሱም የዚህ ሰው እጅ ሲመጣ የሚከተለው ምን እንደሆነና ቢቃወም እንደሚሰማ ይማራል። ከዚህ የበለጠ ምስጢራዊ ነገር መጨመር አያስፈልግም፤ መግባባት የምለው ይህንኑ ነው። ከመኖ ጋር ብቻ ከሚመጣ ሰው ጋር ያለው ዝምድና የመኖ ዝምድና ነው፤ ከልጓም ጋር ብቻ የሚመጣ ደግሞ የትእዛዝ። ምንም ሳይሰጥና ምንም ሳያዝዝ የሚመጣ እጅ ለፈረስ አዲስ ነገር ነው።

የሚቀጥለው ተቃውሞ ይበልጥ ያስጨንቀኛል፤ ሰው የፈለገውን ያነባል። ፈረሱ ከንፈሩን ላሰ፣ አላመጠ፤ «ተስማማ፣ ተረዳኝ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቀረበ የማርግሬቴ ሊ እና የሩት ኒውበሪ ጥናት በኢኳዶር ያሉ የዱር ኑሮ የሚኖሩ ፈረሶችን ተከታትሎ ምግብ በሌለበት መላስና ማላመጥ የሚበዛው ፈረሱ ከውጥረት ወደ መረጋጋት ሲሸጋገር መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ መላሱ ውጥረት እንደ ነበረም ይናገራል፤ ውጥረቱን የፈጠረው የኔ እጅ ቢሆንስ? ከዚህ የባሰው ደግሞ ዝምታ ነው። ፈረሱ ዝም ብሎ ከቆመ ወደደው እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2012 ካሮል ፉሬና ባልደረቦቿ ፈረንሳይ ውስጥ የግልቢያ ትምህርት ቤት ፈረሶችን አጥንተው ከመካከላቸው አንገታቸውን ከጀርባቸው እኩል ዘርግተው፣ ዓይናቸው ሳይርገበገብ፣ ጆሯቸው ሳይንቀሳቀስ የሚቆሙ አገኙ። እነዚህ ሰው ሲነካቸውም እምብዛም ምላሽ አይሰጡም። ጨዋ ፈረስ ተብለው ሊመሰገኑ የሚችሉ ናቸው፤ ተመራማሪዎቹ ግን ሁኔታቸውን ከሰው ድብርት ጋር አነጻጽረውታል። ለዚህ ተቃውሞ ያለኝ መልስ አንድ ነው፤ ፈረሱ ሊሄድ በሚችልበት ሁኔታ ጠይቁት። ገመዱን አጥብቆ አስሮ የሚያሽ ሰው የሚያገኘው መልስ ሁሉ የታሳሪ መልስ ነው። ገመዱ ላላ ይበል፤ እጅ በየመሐሉ ይነሳና ይጠበቅ። ፈረሱ ርቆ ከሄደ መልሱ ታውቋል፤ ባለበት ቆሞ ትከሻውን ወደ እጁ ካስጠጋም መልሱ ታውቋል። ያለ ምንም ምላሽ የሚቆም ፈረስ ደግሞ ገና አልመለሰም፤ ደስታ ብሎ መመዝገብ ስሕተት ነው።

ስለ ፈውስ የሚነገረውን በአጭሩ ላንሳ። ጃክ ሚገር የተባለ አሜሪካዊ የስፖርት ማሳጅን ከሰው ወደ ፈረስ አሸጋግሮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስም አወጣ፤ ሊንዳ ቴሊንግተን ጆንስ ደግሞ የሞሼ ፌልደንክራይስን ትምህርት ተከትላ በጣት ክብ ክብ እያደረጉ ቆዳን የማንቀሳቀስ ዘዴዋን አስፋፋች። ከዚያ ወዲህ የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ኮርሶች በየአገሩ ፈልተዋል። ማስረጃውስ? እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የሱሊቫን፣ የሂልና የሃውስለር ጥናት ጤነኛ ፈረሶች ጀርባቸው ላይ ምን ያህል ጫና ሲደረግባቸው እንደሚሸማቀቁ ለካ። ከ7 ቀን በኋላ የታሹት ፈረሶች የሚችሉት ጫና በ12 በመቶ ጨምሮ ተገኘ፤ የታወቀውን የሕመም ማስታገሻ ፌኒልቡታዞንን የወሰዱት በ8 በመቶ። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ፈረሶቹ ግን ጤነኞች ነበሩ፣ ስለዚህ ስለ ታመመ ጀርባ የሚነግረን ጥቂት ነው። በመስኩ የወጡትን ጥናቶች በአንድነት የመረመሩ ግምገማዎችም የሚደጋግሙት የፈረሶቹን ቁጥር ማነስና የአሠራሩን ድክመት ነው። እንግዲህ ማሸት አንካሳ ያድናል፣ የጀርባ አጥንት ይመልሳል የሚል ሰው ሲመጣ ኪሳችሁን ያዙ። ትኩሳት ያለበት፣ የቆሰለ፣ ያበጠና የሚያቃጥል፣ ድንገት ማነከስ የጀመረ ፈረስ አይታሽም፤ ሐኪም ይጠራለታል። የማሸት ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከእጁ ሳይሆን ሐኪሙን ካዘገየው ቀን ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ከጋሪ ነጂ የሚመጣው ጥያቄ ነው። በአገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አለ፤ አብዛኛው የሚኖረው በትርኢት ሜዳ አይደለም። ጋሪ ይጎትታል፣ እህል ይጭናል፣ ሰው ያመላልሳል። ባለቤቱ «የዕለት እንጀራዬን ለማግኘት ከንጋት እስከ ማታ የምሮጥ ሰው ፈረስ ላሽ ልቀመጥ?» ቢል ማን ይፈርድበታል? መልሴ ማሸት ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እርሱን ነው የሚል ነው፤ ምክንያቱም ገጣባ ቆስሎ ከመታየቱ በፊት በእጅ ይታወቃል። ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ቦታው ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ፈረሱ ይሸማቀቃል። ኮርቻ ወይም የጋሪ ማሰሪያ ሲነሳ ሌላው ጀርባ በላብ ርሶ አንድ ቦታ ብቻ ደርቆ ከተገኘ እዚያ ላይ ከመጠን ያለፈ ጫና እንዳለ መጠርጠር ይገባል፤ በጫንቃው ላይ ብቅ ያለ ነጭ ጸጉርም ብዙ ጊዜ የድሮ ጫና ያስቀመጠው ምልክት ነው። ይህን ለማየት ሰዓት አያስፈልግም። ፈረሱን ፈትቶ ውሃ ከማጠጣት ጋር በሁለቱም ጎን እጅን ከጫንቃ እስከ ታፋ ማሳለፍ ነው። በጊዜ የተገኘ እብጠት ማሰሪያውን በጨርቅ በማለሳለስና አንድ ሁለት ቀን በማሳረፍ ሊያልፍ ይችላል፤ ገጣባ ከሆነ በኋላ ግን ፈረሱ ለሳምንታት ከሥራ ይወጣል፣ ወይም እንደ ቆሰለ ይሠራል። የመጨረሻውን በየከተማችን መንገድ ላይ ስለምናየው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ግን ማታ የሚታሽ ፈረስ ቀን ከአቅሙ በላይ የሚጫንበት ከሆነ ማሸቱ ፌዝ ነው። እጅ የሚያገኘውን መልስ ተቀብሎ ሸክሙን የማይቀንስ፣ ማሰሪያውን የማያስተካክል ሰው ጠይቆ መልሱን እንዳልሰማ ነው የሚቆጠረው።

«ፈረስ ከተቀማጠለ ይንቃል፤ እምቢ ማለት ካስተማርከው ሜዳ ላይ ይጥልሃል» የሚለው የቆየ የፈረሰኞች ስጋት ይቀራል። ስጋቱ ከልምድ የመጣ ስለሆነ አላጣጥለውም፤ ከ400 ኪሎ በላይ የሚመዝን እንስሳ ሰውን እየገፋ እንዲሄድ ማስለመድ አደጋ ነው። ነገር ግን «እዚህ ያመኛል» ማለትና «አልታዘዝም» ማለት ለየቅል ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው እንቀጣለን። እንግሊዛዊቷ የእንስሳት ሐኪም ሱ ዳይሰን ፈረስ ሲጋለብ የሚያሳያቸውን 24 ባሕርያት ዘርዝራለች፤ ከእነርሱ 8 ወይም ከዚያ በላይ የሚያሳይ ፈረስ የአጥንት ወይም የጡንቻ ሕመም ሊኖርበት ይችላል። ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙዎቹ በየሜዳው «ዕቡይ»፣ «ሰነፍ»፣ «እልኸኛ» የሚያሰኙ ናቸው፤ ጭራ ማወራጨት፣ ጆሮ ማጠፍ፣ አልሄድም ብሎ መገተር። ትንሹ ተቃውሞው የማይሰማለት ፈረስ ከሁለት አንዱን ይማራል፤ ወይ እንደ ፉሬ ፈረሶች ዝም ይላል፣ ወይ ማስጠንቀቂያውን ዘሎ በቀጥታ ይራገጣል። ለፈረሰኛው ሕይወት አስጊው ይህ ሁለተኛው ነው። ጆሮውን ሲያጥፍ እጁን የሚያነሳለት ሰው ያለው ፈረስ እስከ እርግጫ የሚደርስበት ምክንያት ያንሰዋል።

ስለዚህ የፈረስ ማሳጅ ትምህርት በአገራችን ይሰጥ ቢባል፣ ትምህርቱ የእጅ ስልት ከማስተማሩ በፊት ማየትን ቢያስተምር እመርጣለሁ፤ ተማሪዎቹም ሙያቸውን ከሐኪሙ ጎን እንጂ በሐኪሙ ቦታ እንዳያስቀምጡ። የእንስሳት ሐኪም ለምርመራ የሚያገኘው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ፈረሱም በማያውቀው ሰው ፊት ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል፣ የአዳኝ እንስሳ ዒላማ ሆኖ የኖረ ፍጡር ድካሙን ለእንግዳ አያሳይም። «ፈረሴን አሞታል» ብሎ የሚመጣ ባለቤትና «ከሦስት ቀን ወዲህ ከኮርቻው ሥር በግራ በኩል፣ ከጫንቃው አንድ ስንዝር ወደ ኋላ እጄን ሳሳርፍ አንገቱን ያነሳል፤ በቀኙ አያነሳም፤ ቦታው ትንሽ ይሞቃል» ብሎ የሚመጣ ባለቤት ለሐኪሙ እኩል አይደሉም። ለመጀመሪያው ፈረስ ምርመራው ከሰኮናው ተነስቶ መላ አካሉን ማዳረስ አለበት። ለሁለተኛው ግን ሐኪሙ ፈረሱን ገና ሳይነካ ኮርቻውን ገልብጦ ከሥሩ ማየት ይጀምር ይሆናል።